ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ፦ ጭንቀት በአገር፣ በዕድሜና በፆታ ለምን ይለያያል?

ጎረቤቴ ልቧን ለማስመርመር አራት ክሊኒክ ዞራለች። አራቱም ጋ የልብ ምርመራ ተደርጎላታል። አራቱም «ልብሽ ጤነኛ ነው» ብለዋታል። አራተኛው ሐኪም እንዲያውም «ምንም የለብሽም፣ ዝም ብለሽ አትጨነቂ» ብሎ ሸኛት። ስትመለስ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ወረቀቱን ዘርግታ እያሳየችኝ «ምንም የለብሽም ይሉኛል። ታዲያ ሌሊት ሌሊት ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ማነው?» አለችኝ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ ኮንዶሚኒየም ብቻ የሚታይበት ሰፈር። እሷ ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች ሰው ናት። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ከነልጆቿ እዚህ ገባች። ቤቱ ከድሮው ይሰፋል፤ ሽንት ቤቱም የግሏ ነው። ይህን እሷም አትክድም። ግን ልጇ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየ ትንፋሽ ያጥራታል። ውሃ የሚመጣበት ቀን ካለፈ ጀሪካኖቹን ደጋግማ ትቆጥራለች። ስልክ ሲጠራ «ማን ሞተ?» ብላ ነው የምታነሣው። የታክሲው ሰልፍ፣ የዘይቱ ዋጋ፣ የእህቷ ስኳር፣ የመብራት ካርዱ... አንዱን አስባ ሳትጨርስ ሌላው ይተካል።

ይሄ ነገር በሕክምናው ቋንቋ ስም አለው። «አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም» ይሉታል። «አጠቃላይ» መባሉ በከንቱ አይደለም። እባብ የሚፈራ ሰው እባብ ካላየ ሰላም ነው። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራውም እስካልተናገረ ድረስ ይተርፋል። ይሄኛው ግን አንድ ጉዳይ የለውም። ሁሉም ነገር ጉዳዩ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሥጋቱ ከመጠን ያለፈ ይሁን፣ ላቁመው ቢሉት እንቢ ይበል፣ ቢያንስ ለ6 ወር አብዛኛውን ቀን ይዝለቅ። ከሥጋቱ ጋር የሚቆጠሩ 6 ምልክቶችም አሉ። መቁነጥነጥ፣ ቶሎ መድከም፣ ሐሳብ መበተን፣ ቶሎ መቆጣት፣ የጡንቻ መወጠር፣ የእንቅልፍ መታወክ። አዋቂ ከሆነ 3ቱ፣ ልጅ ከሆነ አንዱ ብቻ ከታየ ይበቃል።

መለኪያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሕመሙ በራሱ ስም መመሪያው ውስጥ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የአንድ ወር ጭንቀት ይበቃ ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ 6 ወር ከፍ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ መመሪያ ደግሞ ቁጥሩን ትቶ «በርካታ ወራት» ብሎ ያልፈዋል። ሰውዬው ያው ነው፤ ጭንቀቱም ያው ነው። ታማሚ ወይም ጤነኛ የሚሆነው ግን በተከፈተው መጽሐፍ ነው። ይህን የማነሣው ሐኪሞቹን ለማጣጣል አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ቁጥሮች ስታነቡ ከጀርባቸው ሜትር ይዞ የቆመ ሰው መኖሩን እንዳትረሱብኝ ብዬ ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። በ26 አገሮች ከ147 ሺህ በላይ አዋቂዎች የተጠየቁበት ነው። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። በዕድሜው አንዴ እንኳ ይህ ሕመም የያዘው ሰው በአማካይ ከመቶ 3.7 ሆኖ ተገኘ። አገሮቹ በገቢ ሲከፋፈሉ ነው ነገሩ ግራ የሚያጋባው። በሀብታሞቹ ከመቶ 5.0፤ በመካከለኞቹ 2.8፤ በድሆቹ 1.6።

እንግዲህ ድህነት ጭንቀት ያስታግሳል ማለት ነው? ይህን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ የሚሰማ ሰው ከልቡ ይስቃል። ደግሞ ያው ጥናት ሌላ ነገርም ይዟል። በየአገሩ ውስጥ ሲታይ ሕመሙ የሚበዛው ገቢው ዝቅ ባለው፣ ትምህርቱን ባልገፋው፣ ሥራ በሌለው ሰው ላይ ነው። አገርን ከአገር ስታወዳድሩ ሀብታሙ ይጨነቃል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ስታወዳድሩ ድሃው ይጨነቃል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ከሆኑ መሐል ላይ የተሸሸገ ነገር አለ ማለት ነው።

እኔ የተሸሸገው «ከመጠን ያለፈ» የምትለዋ ሐረግ ውስጥ ይመስለኛል።

ከምን መጠን? አንድ ስቶክሆልም የሚኖር ሰው የቧንቧው ውሃ ነገ ላይመጣ ይችላል ብሎ እንቅልፍ ቢያጣ ሐኪሙ ወዲያው ይረዳዋል፤ ሥጋቱ ከእውነታው ጋር አይገጥምም። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። በፈረቃው ቀንም ላይመጣ ይችላል። ጎረቤቴን «ስለ ውሃ የምትጨነቂው ከሚገባው በላይ ነው ወይ?» ብትሏት መልሷ የታወቀ ነው። «እንዴት ከሚገባው በላይ ይሆናል? ልጆቹን በምን ላጥባቸው?» ትላለች። ትክክል ናት። መጠይቁም ያልፋታል። ኑሮው ራሱ አስጊ በሆነበት ቦታ ሕመም የሆነው ሥጋት ከተገቢው ሥጋት ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል። ልጅነታችን ላይ ቅጠል መስሎ ቅጠል ላይ የሚተኛውን አንበጣ እንደምንፈልገው ያለ ፍለጋ ነው።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ እኛ ሰፈር የሚያዋጣው ጥያቄ «ምክንያት አለሽ ወይ?» አይደለም። ምክንያት የሌለው ማን አለ? የሚያዋጣው «ማቆም ትችያለሽ ወይ?» የሚለው ነው። ውሃው መጥቶ፣ በርሜሉ ሞልቶ፣ ልጁ ገብቶ፣ በሩ ተቆልፎም ልቧ ያው ከሆነ፣ ያኔ ጉዳዩ የውሃ መሆኑ ቀርቷል።

ቋንቋውም የራሱን ድርሻ ይይዛል። «ጨነቀኝ» ስንል አድራጊው እኛ አይደለንም። እንደ «ራበኝ»፣ እንደ «በረደኝ»፣ እንደ «አመመኝ» ከሆነ ቦታ መጥቶ የያዘን ነገር ነው። «ተጨነቅሁ» ማለትም አለ፤ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከአፍ የሚወጣው «ጨነቀኝ» ነው። ሲብስ «ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ» ይሆናል። ይቺን «ጠበበኝ» ልብ በሏት። እንግሊዞች ለጭንቀት የሚጠቀሙበት ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ ማነቅ፣ ማጥበቅ ማለት ነው። የጀርመኑም «አንግስት» ከጠባብነት ጋር የተዛመደ ቃል ነው። ላቲን ያልሰማች የካዛንቺስ ሴት ያንኑ ቃል ነው የምትለው። ዓለም ጠበበኝ። ደረቷን በእጇ ይዛ።

ሌላም አለ። ሴትን ምጥ ሲይዛት «ጭንቅ ላይ ናት» እንላለን። «ማርያም በጭንቅሽ ትድረስልሽ» ብለን እንመርቃለን። ጭንቅ ለእኛ በአንድ በኩል ዕድሜ ልክ ሳይሆን ሰዓት ያለው ነገር ነው። መጥቶ የሚያልፍ፣ መጨረሻው ላይ ልጅ ያለበት። ማብቂያ የሌለው፣ ምንም የማይወልድ ጭንቅ ሲመጣ ስም እናጣለታለን። ስም ስናጣ ደግሞ ወደ ሰውነት እንሄዳለን።

እስቲ ስሙት። ልቤ ስንጥቅ አለ። ሆዴን ባር ባር አለኝ። ሆዴ ባባ። ራሴን ወጥሮ ያዘኝ። ሰውነቴን ያቃጥለኛል። ጨጓራዬ ተነሣብኝ። ሐሳብ ገደለኝ። ይህን ሁሉ ይዛ ጎረቤቴ ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ሐኪሙ የሚሰማው ልብ፣ ሆድ፣ ራስና ጨጓራ ነው። በቀን ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም ነው፤ ጊዜ የለውም። የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ይሸኛታል። ለነገሩ እሷም ብትሆን «ጭንቀት ነው» ቢላት ትቀየመው ነበር። «ታማለሁ እያልኩት አብዳለች አለኝ» ብላ ነው የምትተረጉመው።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ካምቦዲያ ውስጥ ሰው ሲጨነቅ በሰውነቱ ውስጥ «ኽያል» የሚባል ነፋስ ተነሥቶ ወደ ልብና ወደ ራስ ሲወጣ ይሰማዋል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሰው ፊት መቅረብ የሚያስጨንቀው ሰው አለ፤ ፍርሃቱ ግን «ይስቁብኛል» ሳይሆን «በገጽታዬ ወይም በጠረኔ ሰው አስቀይማለሁ» የሚል ነው። የዚምባብዌ ሾናዎች «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ። ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛው «ሐሳብ አበዛህ» ማለት ነው ቢባል ብዙ አልራቀም።

አሁን ደግሞ መጠይቁን እንየው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ባለ 7 ጥያቄ መጠይቅ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 21 ይደርሳል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በደንብ ይታይ ይባላል። የመጨረሻው ጥያቄ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ክፉ ነገር የሚደርስ መስሎህ ፈርተሃል ወይ የሚል ነው። ይህን አንዴ ለአክስቴ አነበብኩላት፤ ለጨዋታ ያህል። ገና ሳልጨርስ አማተበችና «እግዚአብሔር አያምጣው! ምን ያለ ጥያቄ ነው!» አለችኝ። ስንት ልስጣት? ዜሮ ነው ወይስ ሦስት? እኛ ቤት ክፉን በአፍ መጥራት ሟርት ነው። «እንዴት ነሽ?» ለሚላት ሰው ምድር ብትገለበጥ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምትለው። ሙስሊም ጎረቤታችንም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ውሸት አይደለም፤ መልስ ሳይሆን ምስጋና ነው። ቁጥር ሲሞላ ግን «ሰላም ናት» ተብሎ ይሞላል።

ጥያቄው ሲቀየር ቁጥሩም እንደሚቀየር ደግሞ እዚሁ አገራችን ታይቷል። ቡታጅራ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ10 ሺህ በላይ ሰው የተጠየቀበት ጥናት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነበር። ራስ ምታት አለህ? ምግብ ይዘጋሃል? እንቅልፍህ እንዴት ነው? እጅህ ይንቀጠቀጣል? ሆድህስ? ከሰውነት ነው የሚጀምረው። ከመቶ 17 ገደማ የሚሆነው ሰው የአእምሮ ጫና ያለበት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ልክ አይደለም። የቡታጅራው የሚለካው ጭንቀቱንም ድብርቱንም በአንድ ላይ ነው፤ የ26ቱ አገሮች ጥናት ደግሞ አንዱን ሕመም ለብቻው። ቢሆንም «በድሃ አገር 1.6 ነው» ተብሎ እፎይ ለሚል ሰው ቡታጅራን ማስታወስ ደግ ነው።

በቡታጅራው ጥናት ጫናው ከበዛባቸው መካከል ሴቶች፣ ባል የሞተባቸው ወይም የፈቱ፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ይገኙበታል።

ወደ ሴቶች እንምጣ። በአገሮች መካከል ብዙ ነገር ሲለያይ ይሄ አይለያይም ማለት ይቻላል። ሴቶች ከወንዶች በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ልዩነቱ በሕፃንነት እምብዛም አይደለም፤ በጉርምስና ጊዜ እየሰፋ ይመጣል። ለዚህ ሆርሞንን የሚጠቅሱ አሉ። እርግዝናና አራስነትም ሥጋት ይጨምራሉ። ግን ሁሉንም በሆርሞን አሳብቦ መገላገል ለወንዶች በጣም ይመቻል። በዓለም ደረጃ ከ3 ሴቶች 1ዷ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ይደርስባታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ኢትዮጵያን የወከለችው ያችው ቡታጅራ ነበረች። በትዳር ወይም በፍቅር ከኖሩት ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከገዛ አጋራቸው ጥቃት ደርሶባቸዋል። በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ ሴት ስናይ ከሆርሞኑ በፊት ማን እንደሚያንኳኳ መጠየቅ አይከፋም።

ከዚያ በመለስ ያለውም ቀላል አይደለም። እኛ ብሎክ ውሃው የሚመጣው ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የሚነቃው ማነው? እናት ናት። የቧንቧውን ሲር ሲር እየጠበቀች በአንድ ዓይኗ ነው የምትተኛው። ይህን ዓመት ሙሉ ያደረገ ሰው ውሃው በየቀኑ መምጣት ቢጀምር እንኳ እንቅልፉ ቶሎ አይመለስም። ሰውነት ዘብ መቆም ለምዷላ!

እና ወንዱ ሰላም ነው? ቁጥሩ እንደዚያ ይላል። እኔ ግን አንድ ዘመዴ አለኝ። ቪትዝ በብድር ገዝቶ ራይድ ይሠራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ሲያልፍ፣ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ሄደ። ብድሩ ግን የትም አልሄደም። እሱ አንድም ቀን «ጨነቀኝ» ብሎ አያውቅም። «ወንድ ልጅ በሆዱ ነው» ተብሎ ያደገ ነው። የሚያደርገውን ግን አያለሁ። ቀን ጫት ይዞ ይነዳል። ማታ ምርቃናው እንቅልፍ ስለሚነሣው ጨብሲ ይወጣል። ጠዋት ልቡ እየደለቀ ይነሣል። ከዚያ በዓሥር ብር መልስ ከሰው ይጣላል። ቅድም ከቆጠርናቸው 6 ምልክቶች ውስጥ ቶሎ መቆጣት አንዱ ነበር፤ የእንቅልፍ መታወክ ሌላው። ይሄ ልጅ ቢጠየቅ ግን «ቁጡ ነኝ፤ ተፈጥሮዬ ነው» ይላል እንጂ ታምሜያለሁ አይልም። ጥናቶችም የሚያሳዩት ወደዚሁ ነው። ጭንቀት ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ድብርት ይደረብባታል፤ ወንዱ ላይ ደግሞ መጠጥና ሌላ ሱስ። ጫት ደግሞ ለዚህ ሕመም ከሁሉ የከፋ ጓደኛ ነው። የሚያነቃው ነገር ያው ልብ የሚያስመታው፣ እንቅልፍ የሚያባርረው ነገር ነው። እሳቱን በጋዝ እንደማጥፋት።

የሴቶቹ ቁጥር እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። የወንዶቹ ግን ከፊሉ መሸታ ቤት፣ ከፊሉ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ይመስለኛል።

ዕድሜን በሚመለከት ነገሩ አጭር ነው፤ አንድ ሰውዬ ባይኖሩ ኖሮ። በጥቅሉ የእንስሳ ፍርሃት የመሳሰለው በልጅነት ይጀምራል፤ አጠቃላይ ጭንቀት ግን ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜ ሰው ከ30 ካለፈ በኋላ ይመጣል። ይሁንና ወጣቱን አይነካም ማለት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ማንሣት ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ከመቶ ተማሪ ጥቂቱ ብቻ በሚያልፍበት ዘመን የጎረቤቴ ልጅ ከአሁኑ፣ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሆና፣ ሆዷን ያማታል። ሰኞ ሰኞ። ቅዳሜ ደህና ናት። ልጆች ጭንቀታቸውን በሆዳቸው ነው የሚናገሩት፤ ወላጅ ደግሞ የአሜባ መድኃኒት ይገዛል።

ሰውዬው ምድር ቤት ያሉት አባባ ናቸው። 70 ዓመት አልፏቸዋል። በሀብታሞቹ አገሮች ከ60 በላይ ሲሆን ይህ ሕመም ቀነስ ይላል። ጡረታው ይገባል፣ ልጁ ራሱን ችሏል፣ የሥራው ሩጫ ቆሟል። አባባ ግን ጡረታቸው ባይቆምም ከሰፈራቸው ተነሥተዋል። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዘው ወደ ድሮው ሰፈራቸው ይሄዳሉ። ሰፈሩ የለም። እድሩ ግን አለ፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይሰበሰባል። መዋጮአቸውን ይከፍላሉ፣ ስማቸው መነበቡን ይሰማሉ፣ ይመለሳሉ። ክረምት ላይ ታመው አንድ ወር ቀሩ። ያን ወር ጨርሶ አልተኙም። «እዚህ ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ። «ሊፍቱ እንኳ አይሠራም፤ ሬሳ በደረጃ እንዴት ይወርዳል?» ምድር ቤት እንደሚኖሩ አስታወስኳቸው። ትንሽ ሳቁ።

ይህን ጭንቀት የቱ መጠይቅ ይለካዋል? ሽማግሌን ስለ መውደቅ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለ እድር የሚጠይቅ አላየሁም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ዕድሜ ልኩን የሚከፍለው ያቺን አንድ ቀን ላለመፍራት ነው። ከተማዋ ወደ ዳር ስትሰፋ ቤቱ ይዛወራል፤ እቁቡ፣ ማኅበሩ፣ ቡናው፣ እድሩ ግን አብሮ በመኪና አይጫንም። አዲስ ብሎክ ላይ እድር ለመመሥረት ሰው ሰውን ማወቅ አለበት። እኛ ብሎክ ሁለት ዓመት ፈጀ።

የሚደረግ ነገር አለ ወይ? አለ፤ ግን የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 301 ሚሊዮን ሰው አንዱ ዓይነት የጭንቀት ሕመም እንደነበረበት ይገምታል። ሕክምና የሚያገኘው ከ4 ሰው 1 ገደማ ነው። እኛ አገር የአእምሮ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመሩት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ መሄድ ነበረባቸው። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ራሱ ስድብ ሆኖ እስከ ዛሬ ይሠራል። «አማኑኤል ልታስገቢኝ ነው?» ይባላል። እና ሰው ወደዚያ ከመሄድ እንጦጦ ጸበል መሄድ ይቀለዋል። ጸበሉን አልቃወምም። ሰው እዚያ ከሰው ጋር ያድራል፤ ብቻውን አይደለም። ችግሩ አንዱን ለመያዝ ሌላውን ጣሉ ሲባል ነው።

መጀመሪያ ግን ሰውነትን ማየት ያስፈልጋል። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስመታል፣ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ቁርጥ ጭንቀት ይመስላል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። በደም ምርመራ ይለያሉ። ከዚያ ደግሞ ቡናውን መቁጠር ነው። ጎረቤቴ በቀን ሁለቴ ታፈላለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስድስት ስኒ። ልቧ ባይመታ ነበር የሚገርመው። (ይህን ስነግራት የሰጠችኝን አስተያየት አልጽፈውም።)

ሕክምናው ሁለት ነው። አንዱ ንግግር ነው፤ ሐሳብ እንዴት ሐሳብ እንደሚወልድ እያሳዩ ማሠልጠን። ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ ድብርት ላይም የሚሠሩት መድኃኒቶች ለዚህም ይሆናሉ። ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ። ሰው ይህን ስለማያውቅ በአራተኛው ቀን ይጥላቸዋል። ወዲያው የሚያስተኛው ዳያዜፓም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ሲዘወተር ሱስ ይሆናል። በድንገት ሲተዉት ጭንቀቱ ብሶ ይመጣል። «ለእኔ በጣም ተስማምቶኛል» ብሎ ለጎረቤት የሚያካፍል ሰው እኛ ብሎክ ላይ አውቃለሁ። ከበጎ አሳቢነት ነው። ግን አይሆንም።

የዚምባብዌው ነገር ከሁሉ ይማርከኛል። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ጤና ጣቢያ ደጅ አስቀመጠ። ወንበሩ ላይ የሰፈር አያቶችን አስቀመጠ። ሠለጠኑ። ሲያክሙም «ጭንቀት» እና «ድብርት» አላሉም፤ «ኩፉንጊሲሳ» ነው ያሉት። ሐሳብ የበዛበት ሰው መጥቶ ይቀመጣል፤ ከችግሮቹ አንዱን ይመርጣሉ፤ በዚያች ላይ ምን ይደረግ ብለው ይመክራሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በዚህ የታዩት ሰዎች ከሌሎቹ በብዙ እንደተሻላቸው አሳየ። ይህን ያነበበ የእኛ ሰው ቶሎ «ይሄማ ቡናችን ነው!» ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ልዩነት አለው። ቡና ላይ ሁሉ አይወራም። የተወራው ነገ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ያድራል። ያቺ አያት ምስጢር ጠባቂ ናት፣ ሰዓት አላት፣ ተመልሰሽ ነይ ትላለች።

ጎረቤቴ ባለፈው ወር አምስተኛ ቦታ ሄደች፤ ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ነው ያገኘችው። ልቧን በጆሮው ሰማ፤ ደም አስወሰደ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ «ማታ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ስለ ምን ነው የምታስቢው?» አላት። ደረጃው ላይ ስትነግረኝ አሁንም ገርሟት ነበር። ስለ ካዛንቺስ ጀመረች፤ ከዚያ ስለ እህቷ፤ ከዚያ ስለ ልጆቹ አባት። አለቀሰች። ውጭ የተሰለፈው ሰው በሩን አንኳኳ፤ ነርሱ «ትንሽ ታገሡን» አለ።

«ታዲያ ምን አለሽ?» አልኳት።

«ማክሰኞ ነይ አለኝ» አለች። ቦርሳዋን ከፍታ ፈለግ ፈለግ አደረገችና ዘጋችው። «ወረቀት እንኳ አልሰጠኝም እኮ።»